የውጭዎቹ ሰዓት ተቀየረና ሁለት ክፍል ተደራረበብኝ፤ ካላንደሩን እንዴት ላስተካክለው?

የጦሳ ሥሯ፣ ደሴ
ረቡዕ፣ መጋቢት 2 ቀን 2018

እንዴት ናችሁ ወገን? ከወሎ ያልሆናችሁም ግቡ፣ ቤቱ ለሁሉም ይበቃል።

ሥራዬ በቪዲዮ አማርኛ ማስተማር ነው። ደሴ ቁጭ ብዬ ውጭ የተወለዱ የሐበሻ ልጆችን ፊደል አስቆጥራለሁ። ቅዳሜና እሁድ ምሽት 1 ሰዓት ላይ ስቶክሆልም ያሉ ልጆች አሉኝ። እነሱን ሸኝቼ ምሽት 2 ሰዓት ላይ የቨርጂኒያዎቹን እቀበላለሁ። ማክሰኞ ምሽት 3 ሰዓት ደግሞ ሚኒሶታ ያለ አንድ ፈረንጅ አለ። ሚስቱ የመካነ ሰላም ልጅ ናት። አማቱ ስትደውል «ደህና ነኝ» ከማለት አልፎ መጫወት አማረው፤ በምሳ እረፍቱ ይማራል።

ከኅዳር ጀምሮ እንዲህ ነበር። ዝንፍ ብሎ አያውቅም። ሁሉም ስልኬ ካላንደር ላይ ተመዝግቧል፣ ከመግባቴ 10 ደቂቃ በፊት ይጮህልኛል።

እሁድ የካቲት 29 ግን ጉድ ፈላ። አፍጥረን፣ ሾርባው ገና ከፊቴ እያለ ስልኬ ጮኸ። የስቶክሆልሞቹ ነው ብዬ አየሁት። ከሥሩ የቨርጂኒያዎቹም አለ። ሁለቱም «ከ10 ደቂቃ በኋላ» ይላሉ። ወላሂ ዓይኔን ማመን አቃተኝ። አንዱን ክፍል ከፍቼ ልጆቹ «ለ ሉ ሊ» እያሉ ነው፣ በዋትሳፕ የቨርጂኒያዋ እናት «መምህር፣ እኛ እኮ ገብተናል፣ በሰላም ነው?» ትለኛለች። ለሁለት አልሰነጠቅ ነገር! የስቶክሆልሞቹን የሚጻፍ ሰጥቼ ወደዚያ ዘለልኩ፣ ከዚያ ተመለስኩ፣ ደግሞ ሄድኩ። ምን እንዳስተማርኩ አላህ ይወቀው።

ከቨርጂኒያዎቹ ጋር የሚማር አንድ ልጅ አለ፣ ቤተሰቡ አሪዞና ነው የሚኖረው። እሱ ደግሞ ሁሉም ወጥቶ ካለቀ በኋላ ብቅ አለ። አባቱን ብጠይቀው «እኛ ጋ ሰዓት አይቀየርም፤ ሁሌም በፈረንጁ ጠዋት 10 ሰዓት ነው የምናስገባው» አለኝ።

ይኼ ብቻ ቢሆን «እሺ፣ አሜሪካኖች ሰዓት ቀይረዋል» ብዬ በተውኩት። ትናንት ማክሰኞ ግን ተገለበጠ። የሚኒሶታው ሰውዬ ምሽት 2 ሰዓት ላይ ገብቶ ይጠብቀኛል። እኔ ተራዊህ ላይ ነኝ። ካላንደሬ 3 ሰዓት ነው የሚለው። እንግዲህ ፍረዱ። የቨርጂኒያው ሳልነካው አንድ ሰዓት ቀድሞ መጣ፣ የሚኒሶታው መምጣት ሲገባው ካለበት ንቅንቅ አላለም። ሁለቱም አሜሪካ ናቸው! ሁለቱም አንድ ስልክ ላይ ናቸው!

ሰፈራችን ያለ ስልክ ጠጋኝ «የስልክሽን ሰዓት በእጅሽ አንድ ሰዓት አንቀሳቅሺው» አለኝ። እምቢ አልኩ። የሶላት አላርሜም አብሮ ሊሄድ አይደል? እናም ጥያቄዬ፦ ካላንደሩ ተበላሽቶ ነው ወይስ አንዱን ነገር ማስተካከል አለብኝ? ቅዳሜ ሳይደርስ ድረሱልኝ።

---

ቧንቧ ውሃ

እታለም፣ እኔ ብሆን ሁሉንም አጥፍቼ እንደገና ነበር የምጽፈው። እኛ በፀሐይ ነው ያደግነው፣ ስትወጣ 12፣ ስትገባ 12። ይኼ ሰዓት መጎተት የሚባል ነገር የጤና አይመስለኝም።

---

የፒያሳው ጠጋኝ፣ ደሴ

ኧረ እንዳታጠፊው! ከአጠፋሽው ማን እንደፈጠረው የሚያሳየው ነገር አብሮ ይጠፋል፣ መልሱ ያለው እዚያ ነው።

ሁለት ነገር ንገሪኝ። የቨርጂኒያውን ቀጠሮ ካላንደር ላይ የጻፈው ማን ነው? የሚኒሶታውንስ? የስልክሽ ሰዓት በራሱ ነው የሚሞላው ወይስ በእጅ?

---

የጦሳ ሥሯ

እግዜር ይስጥህ ወንድም ዓለም። የቨርጂኒያውን የላከችልኝ እናትየዋ ናት፤ ግብዣ መጣልኝ፣ «እሺ» አልኩ። የስቶክሆልሙንም እንደዚያው አንድ አባት ነው የላከው። የሚኒሶታውን ግን እኔው ነኝ ከስልኬ የጻፍኩት፣ ለእሱ የላክሁለትም እኔ ነኝ። ሰዓቱ በራሱ ነው የሚሞላው፣ አዲስ አበባ ይላል።

---

የፒያሳው ጠጋኝ፣ ደሴ

በቃ፣ ተገኘ። አብሽሪ፣ የተበላሸ ነገር የለም። ሁለቱም የታዘዙትን ነው ያደረጉት።

ካላንደር ቀጠሮ ሲይዝ ሰዓቱን ብቻ አይይዝም። ከሰዓቱ ጋር አንድ ከተማ ይይዛል። ያ ከተማ ችካሉ ነው። ችካሉ ቦታ ሲቀይር ቀጠሮው ተከትሎት ይሄዳል፤ ችካሉ ካልተነቃነቀ ዓለም ቢገለበጥ ቀጠሮው አይነቃነቅም። ከተማውን ማን መረጠው ካልሽኝ፣ ብዙ ጊዜ ማንም አልመረጠውም። ቀጠሮውን የጻፈው ሰው ስልክ ያለበትን ከተማ ራሱ ይወስዳል።

የቨርጂኒያዋ እናት እዚያ ሆና ስለጻፈችው ቀጠሮው የታሰረው ኒውዮርክ ላይ ነው፤ ቨርጂኒያ የምትከተለው የኒውዮርክን ሰዓት ነው። የጻፈችው «ቀትር 12 ሰዓት» ብላ ነው። በክረምታቸው ከእኛ 8 ሰዓት ወደኋላ ናቸው፣ ስለዚህ የእነሱ ቀትር ለአንቺ ምሽት 2 ነበር። በጋቸው ሲቃረብ በየዓመቱ እንደሚያደርጉት፣ እሁድ የካቲት 29 ሰዓታቸውን አንድ ወደፊት ገፉት። ልዩነቱ 7 ሆነ። ቀትራቸው ምሽት 1 ሰዓት ላይ መጣብሽ። ለነገሩ እነሱ በሌሊት 2 ሰዓታቸው ላይ ሲቀይሩ እዚህ ጠዋት 4 ሰዓት ነበር፣ ቡና እያፈላን።

የሚኒሶታው ደሴ ላይ ስለተጻፈ የታሰረው አዲስ አበባ ላይ ነው። የእኛ ሰዓት ከግሪንዊች፣ የዓለም ሰዓት ከሚቆጠርበት (ጂኤምቲ ከሚሉት)፣ 3 ሰዓት ይቀድማል፤ በጋ ክረምት ያው ነው። ስልኮች ውስጥ የየሀገሩን የሰዓት ሕግ የያዘ ሰንጠረዥ አለ፤ እዚያ ላይ አዲስ አበባ የራሷ ሕግ እንኳ የላትም፣ ወደ ናይሮቢ ነው የሚያመለክተው፣ ሰዓታችን አንድ ስለሆነ። እናም ቀጠሮው ምሽት 3 ሰዓት ላይ ዝም ብሎ ተቀመጠ፣ የሰውየው ምሳ ግን አንድ ሰዓት ወደ አንቺ መጣ። የእሱ ካላንደር ላይ አሁን በፈረንጁ ከቀኑ 1 ሰዓት ብሎ ነው የሚታየው። ትናንት ካላንደሩን ሳያይ በልማድ ነው የገባው።

አሁን መፍትሔው። የሚኒሶታውን አንቺ ስለፈጠርሽው አንቺ ትቀይሪዋለሽ። ጎግል ካላንደር ከሆነ በኮምፒውተር ክፈቺው፣ ቀጠሮውን ለማስተካከል ስትገቢ ከሰዓቱ አጠገብ ታይም ዞን (የሰዓት ቀጠና) የሚል አለ። በስልክም አለ፣ እርሳሷን ነክተሽ ከሰዓቱ ሥር። አዲስ አበባ የሚለውን አውጪና ቺካጎ የሚለውን አስገቢ፤ ሚኒሶታ የቺካጎን ሰዓት ነው የምትከተለው። ከተማውን ከቀየርሽ በኋላ ሰዓቱን እንደገና እይው፣ 12 ቀትር መሆን አለበት። ስታስቀምጪ «ይህን ብቻ፣ ይህንና የሚቀጥሉትን፣ ወይስ ሁሉንም» ብሎ ይጠይቅሻል። «ይህንና የሚቀጥሉትን» በዪ። ያለፉት እንዳሉ ይቆዩ፣ የሠራሽበት መዝገብ ነው፤ ሒሳብ ስትጠይቂ ይጠቅምሻል።

እዚህ ጋ ሰው የሚወድቅበት ወጥመድ አለ። ዝርዝሩ ውስጥ ከተማውን ትቶ ቁጥሩን የሚመርጥ አለ፤ «ጂኤምቲ ሲቀነስ 5» ያለውን ሲያይ ኒውዮርክ ነው ብሎ ይወስዳል። ጃማይካም ሲቀነስ 5 ናት፣ ቦጎታም። እነሱ ሰዓት አይቀይሩም። ክረምቱን ሁሉ ልክ ሆኖ ይቆይና ማርች ላይ ይከዳሻል። ቁጥሩን እርሺው፣ የከተማውን ስም እይ።

ሌላው፣ እባክሽ ቀጠሮውን በጣት እየጎተትሽ አታስተካክዪ። በየሳምንቱ የሚደጋገም ቀጠሮ ጎትተሽ «ሁሉንም» ካልሽ ዛሬ ልክ ይመስላል፣ አውሮፓዎቹ ሲቀይሩ ወይም በጥቅምት እንደገና ይፈነዳል። ያኔ የቱ በእጅ እንደተነካ፣ የቱ በራሱ እንደሄደ መለየት መከራ ነው። ሱቄ ከሚመጣው የካላንደር ችግር ብዙው ሰው በእጁ «ያስተካከለው» ነው።

የስልክሽን ሰዓት አላንቀሳቅስም ማለትሽ ሸጋ ነው። ሰዓት በእጅ የሚነካ ሰው ሶላቱን ብቻ አይደለም የሚያጣው። አባቶቻችን ስልኩን በሀበሻ ቆጠራ ይሞሉታል፣ ጠዋት 2 ሰዓት ሲሆን 2፡00 ብሎ እንዲያሳያቸው። ስድስት ሰዓት ተጭበረበረ ማለት ነው። ዋትሳፕ «የስልክዎ ቀን ትክክል አይደለም» ብሎ አልከፍት ሊል ይችላል፣ ድረ ገጽም «ደህንነቱ አይታመንም» ሊል ይችላል፣ ከዚያ ስልኩ ተበላሸ ተብሎ ወደ እኔ ይመጣል። ሰዓቱን ወደ ቦታው መልሼ እሰጣለሁ። ገንዘብ መቀበልም ያሳፍራል።

የተደራረበብሽን ግን ካላንደር አይፈታውም። እሱን ከሰዎቹ ጋር ነው የምትነጋገሪው።

---

የጦሳ ሥሯ

ቁጭ አድርገህ አስረዳኸኝ፣ ተባረክ። የሚኒሶታውን አሁኑኑ ወደ ቺካጎ ቀየርኩት፣ ወዲያው ምሽት 2 ሰዓት ላይ ሄዶ ቁጭ አለ። ተራዊህ ላይ ወደቀብኝ እንጂ!

ግን አንድ ነገር አልገባኝም። ስቶክሆልሞቹስ ለምን አልተነቃነቁም? እነሱም ፈረንጅ ሀገር ናቸው።

---

ወረኢሉ በስቶክሆልም

እኔ ልመልስልሽ እህቴ፣ እዚሁ ነው ያለሁት። ሀገሬ ወረኢሉ፣ ልጆቼም አማርኛ ይማራሉ፣ ከአንቺ ጋር ባይሆንም።

እኛ የምንቀይረው በማርች የመጨረሻዋ እሁድ ነው። ዘንድሮ መጋቢት 20 ላይ ይውላል። አሜሪካኖች በማርች ሁለተኛዋ እሁድ ይቀይራሉ። ድሮ እንዲህ አይራራቅም ነበር። እነሱም እስከ 2006 እ.ኤ.አ. የሚጀምሩት በኤፕሪል የመጀመሪያዋ እሁድ ነበር፣ ልዩነታችን አንድ ሳምንት ብቻ። በ2005 ያወጡት የኃይል ሕግ ከ2007 ጀምሮ አስረዘመው። አሁን በየዓመቱ 2 ወይም 3 ሳምንት የሚሆን ጊዜ አለ፣ እነሱ ቀይረው እኛ ያልቀየርንበት። ዘንድሮ 3 ነው። የአንቺ ክፍሎች የተጋጩት እዚያ ክፍተት ውስጥ ነው።

ደስ የሚለው፣ መጋቢት 20 ራሱ ይፈታዋል። የእኛ በፈረንጁ ከቀኑ 5 ሰዓት እስከዚያ ድረስ ለአንቺ ምሽት 1 ነው። ከዚያ በኋላ ልዩነታችን ከ2 ወደ 1 ይወርዳል፣ የእኛ ልጆች ለአንቺ ከቀኑ 12 ሰዓት ላይ ይገባሉ። ቨርጂኒያ በ1፣ ስቶክሆልም በ12። ቅደም ተከተሉ ተመለሰ፣ ሁለቱም አንድ ሰዓት ብቻ ቀደም አሉ።

ግን ጥቅምት ላይ ተዘጋጂ። ያኔ የምንቀድመው እኛ ነን። እኛ ሰዓታችንን የምንመልሰው ጥቅምት 15 ቀን 2019 ነው፣ አሜሪካ ጥቅምት 22። በመካከል ባለው ሳምንት እንደገና ሁለቱም ምሽት 1 ላይ ይመጡብሻል። ካላንደርሽ ላይ ከአሁኑ ጻፊው።

«የጤና አይመስለኝም» ላልከው ለቧንቧ ውሃ ወንድሜ፦ እዚህ በታኅሣሥ ፀሐይ የምትጠልቀው በፈረንጁ 3 ሰዓት ሳይሞላ ነው፣ በእኛ ቆጠራ ገና ከቀኑ 9 ሳይሆን። በሰኔ ደግሞ ማታ 4 ሰዓት አልፎም ብርሃን ነው። ደሴ ላይ ዓመቱን ሙሉ የቀኑ ርዝመት ልዩነት አንድ ሰዓት ከሩብ ቢሆን ነው፣ እና የሚጎተት ነገር የላችሁም። መጀመሪያ በሀገር ደረጃ የጀመረችው ጀርመን ናት፣ በ1916 እ.ኤ.አ.፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ ለመብራት የሚቃጠለውን ለመቆጠብ። እኛም እየሰለቸን ነው። የአውሮፓ ፓርላማ በ2019 እ.ኤ.አ. ይቅር ብሎ ድምፅ ሰጥቶ ነበር፣ መንግሥታቱ ግን ሳይስማሙ ቀሩ። እስከዛሬ በየዓመቱ ሁለቴ የምድጃውን ሰዓት ወንበር ላይ ቆሜ እሞላለሁ።

---

ኩታበር

እኔም ልጨምር። እህቴ ቤይሩት ነው የምትሠራው። በ2015 መጋቢት ላይ እዚያ የሆነውን ታስታውሳላችሁ? መንግሥታቸው ረመዳን ነውና የዘንድሮውን የሰዓት ለውጥ አዘግየነዋል ብሎ ቀኑ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ተናገረ። ስልኮቹ ግን አልሰሙም፣ በቀኑ ዘለሉ። ገሚሱ ሰው በአሮጌው ሰዓት፣ ገሚሱ በአዲሱ። እህቴ የምትደውለው በአንደኛው ነው፣ እመቤቷ የምትቀሰቅሳት በሌላኛው። በቀናት ውስጥ ውሳኔውን ሻሩት እንጂ ጉድ ነበር።

ሳዑዲ፣ ኩዌትና ኳታር ዘመድ ያላችሁ አትጨነቁ፣ ሰዓታቸው ከእኛ ጋር እኩል ነው፣ አይቀየርም። ዱባይ አንድ ሰዓት ትቀድመናለች፣ እሷም አትነቃነቅም። ግብፅ ግን ትታው የነበረውን በ2023 እ.ኤ.አ. እንደገና ጀምራለች። ከብዙ ጊዜ ወዲህ ያልታደሰ ስልክ ይህን ላያውቅ ይችላል።

---

የኮምቦልቻ ልጅ

ጥያቄ ውስጥ ጥያቄ ይቅርታ፣ ግን የእኔም ሰሞኑን ነው የጀመረው። ወንድሜ ከአሜሪካ የላከልኝ ላፕቶፕ ከግድግዳው ሰዓት አንድ ሰዓት ይቀድማል። ጥቅምት ላይ ሲመጣ ሰዓቱ ኋላ ቀርቶ ስለነበር ወደፊት ገፍቼ የኛን ሞልቼው ነበር፤ እስከ የካቲት ልክ ነበር። ላፕቶፑ ላይ የምጽፈው ቀጠሮም ስልኬ ላይ ሌላ ሰዓት ሆኖ ይመጣል። ባትሪው ነው ይሉኛል።

---

የፒያሳው ጠጋኝ፣ ደሴ

ባትሪው አይደለም ወንድሜ። ባትሪው ቢሆን ኋላ ይቀራል ወይም ዓመቱን ሁሉ ያጠፋል፣ ልክ አንድ ሰዓት አይቀድምም።

ላፕቶፑ አሁንም አሜሪካ ያለ ይመስለዋል። ሰዓቱን ገፋኸው እንጂ ታይም ዞኑን አልነካኸውም። የአሜሪካን ሕግ ይዞ ስለተቀመጠ የካቲት 29 በራሱ አንድ ሰዓት ዘለለ። ቀጠሮው ስልክህ ላይ የሚዛባውም ለዚህ ነው፤ ላፕቶፑ ኒውዮርክ ብሎ ይልካል፣ ስልክህ ወደ አዲስ አበባ ሲመልሰው 7 ወይም 8 ሰዓት ይጨምርበታል።

ዊንዶውስ ከሆነ የሰዓትና የቀን ማስተካከያው ውስጥ ግባ። ታይም ዞኑ ላይ አዲስ አበባን ብትፈልግ አታገኛትም። «ናይሮቢ፣ 3 ሲደመር» የሚለውን ምረጥ፣ የእኛው ነው። መጀመሪያ ዞኑን ቀይር፣ ከዚያ ሰዓቱን በራሱ እንዲሞላ አብራው፣ ኢንተርኔት ይኑርህ። ቅደም ተከተሉን ጠብቅ። እስካሁን ላፕቶፑ ላይ የጻፍካቸውን ቀጠሮዎች ግን አንድ በአንድ ማየት አለብህ፣ እነሱ በተሳሳተ ከተማ ታስረዋል።

---

የጦሳ ሥሯ
ቅዳሜ፣ መጋቢት 5

የዛሬው ክፍል በሰላም አለፈ፣ አልሐምዱሊላህ። ምን እንዳደረግሁ ልንገራችሁ፣ ሌላም የሚያስተምር ሰው ካለ ይጠቅመዋል።

መጀመሪያ የስቶክሆልሞቹን አንድ ሰዓት ላስቀድም አስቤ ነበር። ከቀኑ 12 ማለት ግን እዚህ ማፍጠሪያ 12 ሰዓት ተኩል ግድም ስለሆነ እኔ ሳምቡሳ ዘይት ውስጥ እየጣልኩ «ሐ ሑ ሒ» ልል ነው። ተውኩት። ስለዚህ የቨርጂኒያዋን እናት ደወልኩላት፣ እስከ መጋቢት 19 ድረስ ብቻ በእነሱ ከቀኑ 1 ሰዓት ቢሆንስ አልኳት። «አንቺ ጾመኛ ነሽ፣ እኛ ምን አለብን» አለችኝ። የፋሲካ ጾም ላይ ናት፣ እሷም ጾመኛ ናት እኮ! ሁለታችንም ሳቅን።

ቀጠሮው የእሷ ስለሆነ የቀየረችውም እሷ ናት። እኔ እንግዳ ነኝ፣ እኔ ብጎትተው ለእሷ ላይደርሳት ይችላል። በጋራ ስልክ ላይ ሆነን አንድ በአንድ ከፈተች፣ በየቀኑ «ይህን ብቻ» እያለች አስቀመጠች። መጋቢት 20 ላይ ስታየው ራሱ ወደ ቀትር 12 ይመለሳል። እኔ ጋም ምሽት 1 ብሎ ይታያል፣ ስቶክሆልሞቹም 12 ላይ ናቸው። ሦስቱንም ሳምንት ወደፊት ገልጬ አየሁት፣ አይነካካም።

የአሪዞናው ልጅ ግን አሳቀኝ። ዛሬ በሰዓቱ ገባ! አባቱ ምንም አልቀየረም፣ እንዳለ ጠዋት 10 ሰዓቱ ላይ ነው ያስገባው። ቨርጂኒያዎቹ ወደ 1 ሲሄዱ ራሳቸው መጥተው እሱ ጋ ደረሱ። ከመጋቢት 20 በኋላ ግን ጠዋት 9 ሰዓት ይሆንበታል። አባቱ ማንቂያውን በእጁ እንዳይሞላ፣ የቨርጂኒያዋን ግብዣ እንዲቀበል ላክሁለት። ያ ከገባ ራሱ ያሰላለታል።

የሚኒሶታው እስከ ኢድ ከቀኑ 1 ሰዓቱ ላይ ምሳውን ሊበላ ተስማማ። «ሚስቴ ነግራኛለች፣ ረመዳን ነው» አለኝ፣ በአማርኛ! ከኢድ በኋላ ቺካጎ ላይ ታስሮ ምሽት 2 ይሆናል።

አንድ የቀረኝ አለ። የስልኬ ካላንደር ላይ የተማሪዎቼን ልደት ጽፌ ነበር፣ የቨርጂኒያዋ ሕፃን ልደት ከአንድ ቀን በፊት ሆኖ ነው እናቷ ጋ የታየው። ይሄም ከሰዓት ለውጡ ነው?

---

የፒያሳው ጠጋኝ፣ ደሴ

እሱ ከሰዓት ለውጡ አይደለም፣ ከርቀቱ ነው። ልደቱን «ሙሉ ቀን» ብለሽ ሳይሆን እኩለ ሌሊት ላይ እንደሚጀምር ቀጠሮ አድርገሽ ጽፈሽዋል። እዚህ እኩለ ሌሊት ሲሆን እዚያ ገና ያለፈው ቀን ከሰዓት በኋላ ነው፣ ስለዚህ ወደ ትናንት ይወርዳል። ክፈቺና «ሙሉ ቀን» የሚለውን አብሪው። ያኔ ከከተማ ጋር አይታሰርም፣ የትም ሀገር ያው ቀን ይሆናል። ጾምና በዓልንም እንደዚያው ጻፊ።

---

የኮምቦልቻ ልጅ

ናይሮቢ አልኩት፣ ተስተካከለ! የድሮዎቹን ቀጠሮዎች ግን ስከፍት ገሚሱ ኒውዮርክ ይላል፣ ገሚሱ ምንም አይልም። ሰኞ ወደ ደሴ እመጣለሁ፣ ላፕቶፑን ይዤ ልምጣ?

---

የፒያሳው ጠጋኝ፣ ደሴ

ይዘህ ና፣ ከሰዓት በኋላ አለሁ። ቻርጀሩን እንዳትረሳ፣ ከአሜሪካ የመጣ ከሆነ የሶኬቱን አስማሚም ያዝ፤ እኔ ጋ ያለችው አንዲት ናት፣ እሷም ልትሰበር ደርሳለች።